አርባ አንደኛው እሳት

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ፖሊስ ጣቢያ መዝገብ ላይ «አሥራ ሁለት ብስኩት ከተቆለፈ መሳቢያ ተሰርቋል» ተብሎ ተጻፈ። የጻፈው ሳጅን ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ ኮሪደሩ ወጣ። በዚያን ቀን የመኪና ስርቆት ነበር፣ የስልክ ነጠቃ ነበር፣ በአጥር የተጣሉ ጎረቤቶችም ነበሩ። ብስኩቱ ፈላጊ አጥቶ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ቆየና መጨረሻ ላይ ኢንስፔክተር ውዴ ጋ ደረሰ።

ውዴ አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሃያ ሁለቱን ፖሊስ ሆና ኖራለች። በስሟ ብዙ ተቀልዶባታል። አለቃዋ እንኳ ሊቆጣት ሲነሣ «ውዴ» ብሎ መጀመሩ አይቀርምና ቁጣው አፉ ላይ ይለሰልሳል። እሷ ግን የምትታወቀው በሌላ ነው። ሰው ሲዋሻት አትናደድም፤ ለምን እንደዋሸ ቁጭ ብላ ታስባለች። ሰው ያለ ምክንያት አይዋሽም፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ከወንጀሉ ይልቅ ያሳዝናል ባይ ናት።

ብስኩቱ የጠፋበት ወርክሾፕ ወሰን ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ጋራዥ ጎን ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ነው። የወርክሾፑ ኃላፊ ዶክተር ለተሥላሴ በር ላይ ቆመው ጠበቋት። ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ቀጭን፣ ነጭ ጋዋናቸው በዱቄት የተነካካ ሴት ናቸው። የብስኩቱ ነገር ሲነሣ አፍረው ሳቁ። በእነሱ ቤት ብስኩት ማለት የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ክብ ሴራሚክ ነው። ዱቄቱ ይጨመቃል፣ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ዲግሪ ላይ ይተኮሳል፣ ሁለት ፊቱ ብር ይቀባና ካፓሲተር ይሆናል። ካፓሲተር ደግሞ ኤሌክትሪክ ይዞ የሚያቆይ፣ ሲፈለግ በቅጽበት የሚለቅ ዕቃ ነው።

«በኤሌክትሪክ የሚሄደው አውቶቡስ ዳገት ሲወጣ ኃይል መቀየሪያ ሣጥኑ ይግላል» አሉ ዶክተር። «ተራው ካፓሲተር መቶ ሃያ አምስት ዲግሪ ሲያልፍ ይዝላል። የእኛ ሁለት መቶ አምሳ ላይ ሥራውን እንዲሠራ ነው የምንፈልገው።»

ለዚህ ስምንት ዓመት ደክመዋል። አርባ ዓይነት ቅመም ሞክረው አርባውም ከሽፏል፤ አርባ አንደኛው ግን ሰኞ ዕለት ሲለኩት እንደልባቸው ሆነ። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገንዘብ የሚሰጣቸው ድርጅት ሰዎች መጥተው በራሳቸው መሣሪያ ይፈትኑታል። ካለፈ ሥራው ይቀጥላል፤ ካላለፈ ወይም ፈተናው ላይ የሚቀርብ ነገር ከጠፋ ግቢው ለሌላ ይሰጣል፣ የዶክተርም ስምንት ዓመት እዚያ ላይ ያበቃል። ዱቄቱ የተገኘው ለሃያ አራት ብስኩት ብቻ ነው። አሥራ ሁለቱ ቅዳሜ ተተኩሰው አሁን ጠፍተዋል፤ አሥራ ሁለቱ ሲ.ኤም.ሲ ዶክተር ቤት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በጥሬነታቸው ተቀምጠዋል።

«ታዲያ ጥሬዎቹን ለምን አይተኩሷቸውም?» አለች ውዴ።

ዶክተር ያልተሰበረውን ቁልፍ አሳዩዋት። «ይህን መሳቢያ በቁልፍ ነው የከፈቱት። ቁልፍ ያለን ሦስት ነን። ከሦስታችን አንዱ ይህን ያደረገ ሰው ሆኖ ሳለ የመጨረሻዎቹን አሥራ ሁለት ይዤ እዚህ ቤት እሳት አልለኩስም።»

መተኮሱና ማቀዝቀዙ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ሐሙስ ንጋት ላይ ምድጃው ካልተለኮሰ ለዓርብ የሚደርስ ነገር የለም። ስለዚህ ውዴ ያላት ጊዜ እስከ ረቡዕ ማታ ነው።

ዶክተር የአርባ አንደኛውን መዝገብ ገልጠው አሳዩዋት። የሙቀት መመዝገቢያው መሣሪያ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል፤ መለዋወጫው ስለጠፋ ምድጃው አጠገብ የሚቀመጠው ሰው በየዐሥር ደቂቃው ሰዓቱንና ዲግሪውን በእጁ ይጽፋል። ጽሑፉ ቀጥ ያለ፣ እንደ ድሮ የቁም ጽሕፈት ያማረ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ውዴም ወረቀት አይታ ማለፍ አይሆንላትምና ገጹን በስልኳ ፎቶ አነሣችው።

የጻፉት ሰው ሁለተኛው ባለ ቁልፍ ጋሽ ሀብተወልድ ናቸው። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከሸክላና ከጡብ ምድጃ ሳይለዩ ኖረው፣ ከዶክተር ጋር ብቻ ሃያ ዓመት ሠርተዋል። ውዴ ስታነጋግራቸው ሰኞ ማታ በጊዜ ቤታቸው እንደገቡ፣ ማክሰኞ ጠዋት እንደማንኛውም ሰው እንደደነገጡ በአጭሩ ነገሯት። ቅዳሜ ዕለትስ? ቅዳሜ ከንጋት እስከ ማታ ከምድጃው አጠገብ አልተነሡም። ከዚያ ወዲያ የሚጠይቁት እሳቸው ሆኑ።

«ዶክተር ጥሬዎቹን መቼ ሊተኩሱ ነው?»

«አልተኩስም ብለዋል» አለች ውዴ።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ። ውዴ ይህን ልብ ብላዋለች፤ ነገር ግን የዚያን ቀን ልቧን የወሰደው ሦስተኛው ባለ ቁልፍ ነበር።

ጁነይድ ይባላል፤ የሃያ ዘጠኝ ዓመት መሐንዲስ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሥራ አልገባም፣ ስልኩም ተዘግቷል። የጎረቤቱ ጋራዥ ባለቤት ዘረሰናይ፣ ዓይኑ የማያልፈው ነገር የሌለ ሰው፣ ሰኞ ማታ ጁነይድ አንድ ካርቶን እንደ ሕፃን አቅፎ ታክሲ ውስጥ ሲገባ እንዳየው ነገራት። ታክሲው ጁነይድ ወደሚኖርበት ወደ መሪ ሰፈር ነው የሄደው። ውዴ ከውጭ አገር ኩባንያ የሥራ ጥሪ እንደመጣለትም ከዶክተር ሰምታለች። የአርባ አንደኛው ቅመም ደግሞ ለዚያ ኩባንያ ብስኩት ብቻ ሳይሆን ብዙ ገንዘብ ነው።

መሪ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወጥታ ስታንኳኳ ጁነይድ ራሱ ከፈተ፤ ፊቱ እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነው። ካርቶኑ መሐል ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ውዴ እንዲከፍተው ነገረችው። ከፈተ፤ በጋዜጣ የተጠቀለሉ የሻይ ብርጭቆዎች ናቸው።

«ሼም ይዞኝ ነው» አለ ጁነይድ። «ሰኞ ማታ ኢልሃም ቤት ሽማግሌ ልኬ ነበር፤ ብርጭቆውም ሽማግሌዎቹን ሻይ ላጠጣ የገዛሁት ነው። ስልኬን የዘጋሁት ካልዘጋሁት በየደቂቃው እየደወልኩ ላሳብዳቸው ስለነበር ነው። ዛሬ ጠዋት እሺ አሉኝ። ዶክተርን በቴስት ሳምንት ለትዳር ፈቃድ ይስጡኝ እንዴት ልበላቸው?»

ስለ ሥራው ጥሪም ጠየቀችው፤ ወር አልፎታል እምቢ ካለ። ውዴ ለማረጋገጥ ከሽማግሌዎቹ ለአንዱ ደወለች። ሰውየው ልጁ ከማታ አንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ከኢልሃም ቤተሰብ ደጅ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ጥፍሩን ሲበላ እንደነበር፣ በኋላም እነሱ ዘንድ እንዳደረ እየሳቀ መሰከረለት። ውዴ ከደረጃው ስትወርድ አንድ ተጠርጣሪ ቀንሶባታል፣ ልቧ ግን ቀልሏታል። እንዲህ ዓይነት ስሕተት በየቀኑ ቢገጥማት አትጠላም።

ረቡዕ ጠዋት እንደገና ዘረሰናይ ጋራዥ ሄደች። በሰኞና በማክሰኞ መካከል ስላየው ሰው ልትጠይቀው ነበር፤ እሱ ግን ፖሊስ ሲያገኝ ያለውን አቤቱታ ሁሉ ማውጣት ጀመረ። የጎረቤቱ ጄኔሬተር ጆሮውን አደንቁሮታል። መብራት በጠፋ ቁጥር ደቂቃ ሳይሞላ አስነሥተውት ያጓራል።

«ቅዳሜ ብቻ ነው ያረፍኩት» አለ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ጠፍቶ አርባ ደቂቃ ያህል ቆየ። ብየዳዬ መሐል ላይ ቀረ። የእነሱ ጄኔሬተር ግን ድምፁ አልተሰማም። ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ ብሏል፤ ግማሹ ሰው እማማ ብርቄን ሊቀብር የካ ሚካኤል ሄዷል።»

ውዴ ስልኳን አውጥታ የመዝገቡን ፎቶ አሰፋችው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለው ሙቀት አንዴ አሥራ ዘጠኝ፣ አንዴ ሃያ ሁለት፣ አንዴ ሃያ አንድ ዲግሪ እያለ ይወርዳል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያለው ግን በየዐሥር ደቂቃው ልክ ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ ነው። እሳት እንዲህ አይታዘዝም። ይህን የጻፈ ሰው ምድጃውን እያየ አልጻፈም።

ታዲያ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማን የት ነበር? ግማሹ ሰፈር ቀብር ላይ ከነበረ የሚያውቀው ዕድሩ ነው። የዕድሩ ጸሐፊ አቶ ከበበ ልብስ ሰፊ ናቸው። የስፌት መኪናቸውን ሳያቆሙ፣ በክርናቸው መዝገቡን ገፋ አደረጉላት። ውዴ የሀብተወልድን ስም ፈለገች፤ የለም። ቅጠል ስትገልጥ ግን ያልፈለገችው ስም ላይ ዓይኗ አረፈ። «ለተሥላሴ» ይላል። ቅዳሜ፣ ቀብር፣ ተገኝቷል። የሠራው ሥራ፦ ድንኳን።

«ይሄ ቤት አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም» አሉ አቶ ከበበ ጣታቸው የት ላይ እንዳረፈ አይተው። «ምስጉን ቤት ነው።»

ውዴ ገጹን ፎቶ አንሥታ፣ አመስግና ወጣች። ዶክተር ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸው ሆነው ሪፖርት ሲጽፉ እንደነበር ነግረዋታል። ዋሽተዋል ማለት ነው? ሰው የራሱን ስምንት ዓመት ለምን ይሰርቃል? ዓርብ እንደማያልፍ አውቀው ይሆን፣ ከመውደቅ መሰረቅ ይሻላል ብለው? እንዲህ ሲያስቡ የኖሩ ሰዎችን በሥራዋ አይታለች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ሴትዮዋን ወዳቸዋለችና ሲ.ኤም.ሲ እስክትደርስ በመንገዷ ሁሉ ከፋት።

ዶክተር በሩን ከፍተው አስገቧት። ቤቱ ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ፣ የአንድ ሰው ቤት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ አለ። ውዴ የዕድሩን መዝገብ ፎቶ አሳየቻቸው።

«የምን ዕድር ነው?» አሉ ዶክተር።

«የወሰን ዕድር። የእርስዎ ስም ነው።»

ዶክተር መነጽራቸውን አድርገው ደጋግመው አነበቡት። «እኔ ዕድር የለኝም። ማኅበርም የለኝም። ድንኳን ደግሞ በዚህ ጉልበቴ?» ጉልበታቸው ከታመመ ቆይቷል፤ ደረጃ እንኳ የሚወጡት እየተደገፉ ነው።

ውዴ ፊታቸውን አየች። ግራ የገባው ሰው ፊት ነው፣ የዋሸ ሰው ፊት አይደለም። በዚያን ጊዜ ነው አቶ ከበበ «ይሄ ቤት» እንጂ «እሷ» እንዳላሉ የታወሳት። ዕድር የሚጠይቀው ቤቱ ሰው ይላክ እንጂ ባለስሙ ራሱ ይምጣ ብሎ አይደለም። በዶክተር ስም የሚሄድ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ምድጃውን ጥሎ የሄደ ሰው አለ። ተነሥታ ጥሬዎቹን እንዳይነኩ፣ ከቤትም እንዳይወጡ ነግራቸው ሄደች።

ጋሽ ሀብተወልድ የዚያን ቀን ሥራ አልገቡም። ቤታቸው እንጦጦ ወገብ ላይ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ነው፤ መኪና እስከ ደጁ አይደርስም። ውዴ የመጨረሻውን ዳገት በእግሯ ወጣች፣ ትንፋሿም አጥሮ ደረሰች። ሽማግሌው ከደጃቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቁልቁል ከተማውን ያያሉ። ውኃ አመጡላት፤ እስክትጠጣ ጠበቁ።

«ጋሽ ሀብተወልድ» አለች፣ «በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ ያጋጠመኝ ሰው ሁሉ ‘እዚያ አልነበርኩም’ እያለ ይምላል። እርስዎ ግን ያልነበሩበት ቦታ ነበርኩ ብለው ነው የዋሹኝ። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የካ ሚካኤል ድንኳን ተሸክመው ነበር።»

ሽማግሌው አልካዱም። እንደውም የሆነ ነገር ከትከሻቸው ላይ የወረደ መሰሉ። ቅዳሜ ጠዋት የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ምድጃው ትልቁን ሥራ ጨርሶ መቀዝቀዝ ጀምሯልና ለአንድ ሰዓት ቢለዩት ምንም አይሆንም ብለው አሰቡ። ሲመለሱ የምድጃው ሰዓት ብልጭ ድርግም ይላል። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ሙቀቱ ከልክ በላይ ወረደ፤ መብራቱ ሲመጣ ደግሞ ምድጃው በራሱ ተነሥቶ መልሶ አጋለው። ቁጥሮቹን ከአእምሯቸው ጻፉ። ብስኩቶቹ ሲወጡ ምንም አልታየባቸውም፣ ሰኞ ሲለኩም ልክ ሆኑ፤ ዶክተር እንደ ሕፃን ደስ አላቸው። ጋሽ ሀብተወልድ ግን አንዷን አንሥተው በጥፍራቸው መታ አደረጓት። የተሰነጠቀ ሸክላ ድምፁ አይጠራም። አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ መታ መታ አደረጉ፤ አሥራ ሁለቱም ደነቆሩባቸው። ዓርብ ሙቀቱና ኤሌክትሪኩ አብሮ ሲመጣባቸው በሰው ፊት ይፈነዳሉ።

«ከጠፉ ዶክተር ወዲያው ጥሬዎቹን ያመጣሉ፣ እኔም ሌሊትና ቀን ተቀምጬ እተኩሳለሁ ብዬ ነው የደበቅኋቸው» አሉ። «ፖሊስ ይጠራሉ፣ እሳት አልለኩስም ይላሉ ብዬ አላሰብኩም።»

«ለምን እውነቱን አልነገሯቸውም?»

«ምን ብዬ? በስምዎ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ሥራዎን ሰበርኩት ልበል?»

 ዓይናቸውን ከከተማው ሳያነሡ ቀጠሉ።

«ስምንት ዓመት ይሆናል፣ ዶክተር ታመው ተኝተው ልጠይቅ ሄድኩ። ዘመድ እዚህ የላቸውም፤ ያለቻቸው አንድ እኅት ሩቅ አገር ናት። ‘ጋሽ ሀብቴ፣ እኔ ብሞት ማን ይቀብረኛል?’ አሉኝ። እየሳቁ ነው ያሉት። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ሄጄ በስማቸው ተመዘገብኩ። ሰው የሚቆመው ለቆመለት ሰው ነው፤ እሳቸው ደግሞ ጊዜ የላቸውም። ጊዜ ያለኝ እኔ ነኝ። ዶክተር ይህን እንዲያውቁ አልፈለግሁም ነበር፣ ይከብዳቸዋል።»

ውዴ ፖሊስ ናትና ማልቀስ አልፈለገችም፤ ትንሽ ግን አለቀሰች። ከዚያ ሰዓቷን አየች። ቁልቁለቱን አብረው ወረዱ።

ወርክሾፑ ውስጥ ጋሽ ሀብተወልድ ከመደርደሪያው ሥር የነጭ ዱቄት ጣሳ አውጥተው፣ እጃቸውን አስገብተው፣ አሥራ ሁለቱን ብስኩቶች አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ከዚያ ለዶክተር ሁሉንም ራሳቸው ተናገሩ፤ የዕድሩን ነገር ሊዘሉት ሲሉ ውዴ አላስዘለለቻቸውም። ዶክተር ለተሥላሴ አንዷን አንሥተው በጥፍራቸው መታ አደረጉ፣ ሰሙ፣ አስቀመጡ።  ቁጣቸው የመጣው ውዴ ባልጠበቀችው በኩል ነው።

«ብስኩቱ ይሰበር፣ ይሰበራል። መዝገቤ ላይ ግን የውሸት ቁጥር ጻፉ ጋሽ ሀብቴ።»

መዝገቡን አምጥተው ፊታቸው ዘረጉት፣ እስክሪብቶም ሰጧቸው። ሽማግሌው በሚያምረው እጃቸው፣ ከሃያ ሃያዎቹ ጎን፣ «በዚህ ሰዓት ምድጃው አጠገብ ማንም አልነበረም» ብለው ጻፉና ፈረሙ። ዶክተር አንብበው መዝገቡን ዘጉት። የዕድሩን ነገር በአንድም ቃል አላነሡትም። ቦርሳቸውን ይዘው ጥሬዎቹን ሊያመጡ ወጡ፤ በሩ ላይ ግን ቆም ብለው ግድግዳውን ተደግፈው ቆዩ።

አንባቢ እንዳይጨነቅ የዓርቡን አስቀድሜ ልንገር። ከአሥራ ሁለቱ አሥሩ ሁለት መቶ አምሳ ዲግሪ ላይ ሰዓቱን ጠብቀው ቆዩ፣ ሁለቱ አልቻሉም፤ የመጡት ሰዎች በአሥሩ ረክተው ሥራው እንዲቀጥል ፈቀዱ። ጁነይድም ፈቃዱን አገኘ። ውዴ በበኩሏ መዝገቧ ላይ «ንብረቱ ከግቢው ያልወጣ በመሆኑ ስርቆት አልተፈጸመም» ብላ ጽፋ አለቃዋ እየጮኸ በስሟ እስኪጠራት ጠበቀች። በልቧ የቀረው ግን የሐሙሱ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት አቤቱታው መነሣቱን የሚያሳየውን ወረቀት ልታስፈርም፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ስትመጣ ምድጃው መቀዝቀዝ ጀምሯል። ጁነይድ ጄኔሬተሩን ይፈትሻል፣ ጋሽ ሀብተወልድ ወንበራቸውን ወደ ምድጃው አስጠግተው ይጽፋሉ። ዶክተር ፈርመው ወረቀቱን ሲመልሱላት ከውጭ የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት አባት አርፈዋል፤ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው እያለ አዋጅ ነጋሪው አለፈ።

ጋሽ ሀብተወልድ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ምድጃውን አዩ፣ ተቀመጡ። ቀና ብለው ዶክተርን ማየት አልቻሉም፤ እስክሪብቶውን አንሥተው ዲግሪውን ጻፉ።

ዶክተር ጋዋናቸውን አውልቀው ሚስማር ላይ ሰቀሉ። ከውዴ ትከሻ ላይ ነጠላውን፣ ሳይጠይቁ፣ ወስደው ለበሱ።

«እርስዎ እሳቱን ይጠብቁ ጋሽ ሀብቴ» አሉ። «የራሴን ለቅሶ እኔ እደርሳለሁ።»

ውዴ መንገዱን እያሳየች፣ ጉልበታቸው እንዳይዝል ክንዳቸውን ይዛ አብራቸው ሄደች። ሰዉ ከለቅሶ ቤቱ ደጅ ተሰብስቧል። አቶ ከበበ መዝገባቸውን ዘርግተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ስም ይጠራሉ። ወደ መጨረሻው «ለተሥላሴ» አሉና እንደ ልማዳቸው፣ መልስ ሳይጠብቁ ምልክት አደረጉ።

«አለሁ» አለ የሴት ድምፅ።

አቶ ከበበ ቀና አሉ። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ያልቀረችባቸውን አባል ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን አዩ። ዶክተር ለተሥላሴ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ «ድንኳኑ የታለ?» አሏቸው።